ጋሼ ደመላሽ ለልጃቸው ያወጡት ስም

ጋሼ ደመላሽ አርፈዋል። እዚህ አሜሪካ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ፣ ከሥጋ ቤታቸው ለበዓልም ለአዘቦትም ሥጋ የገዛችሁ፣ ስማችሁን ነግራችኋቸው «ትርጉሙስ?» ተብላችሁ የተፋጠጣችሁ፣ ተቆጥተው ሲያበቁ ጮማ ጨምረው የሸኟችሁ ሁሉ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ወሬው በየስልኩ ተዛብቶ እንደደረሳችሁ አውቃለሁ። አሟሟታቸውን በዓይኔ ያየሁት አብሬያቸው ሥጋ የምቆርጠው እኔ ነኝና እኔው ልናገር።

ቅዳሜ ከቀትር በፊት ነው። አቶ ይርጋ፣ ማለትም የጋሼ አበልጅ፣ እንደ ልማዳቸው ታክሲያቸውን ከሥጋ ቤቱ ጀርባ ባለችው ጠባብ ግቢ ለማቆም ወደ ኋላ እየነዱ ይገቡ ነበር። ጋሼ ደመላሽም እንደ ልማዳቸው ሽርጣቸውን እንዳደረጉ ግድግዳውን ተጠግተው «ና! ና! ትንሽ ና!» እያሉ እጃቸውን ያወዛውዛሉ። አቶ ይርጋ ፍሬን የረገጡ መስሏቸው ነዳጁን ረገጡት። መኪናው ዘለለና ጋሼን ከግድግዳው ጋር አጣበቃቸው። አጥንት ሲሰበር ምን ዓይነት ድምፅ እንዳለው በሥራዬ አውቃለሁ፤ ስንት ጎድን በመጥረቢያ ከፍያለሁ። ከሰው ገላ እሰማዋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ሮጬ ስደርስ ደም ከአፋቸው ይወርድ ነበር። «ታንጉን ጥሩልኝ» አሉኝ። ሌላ ነገር ይሉ እንደሆነ ብዬ ጆሮዬን ወደ አፋቸው ባስጠጋ መልሰው «ታንጉን ጥሩልኝ» አሉ። ታንጉ ሴት ልጃቸው ናት። ዌስትቼስተር ሰፈር፣ አንድ ሆቴል ውስጥ ነው የምትሠራው። ወዲያው ደወልኩላት፤ ግን ሆስፒታል ስትደርስ አባቷ አልጠበቋትም።

ፖሊስ አደጋ ነው ብሎ አቶ ይርጋን ለቀቃቸው። እውነትም አደጋ ነው። ነገሩ ግን በዚያ የሚያበቃ አልነበረም። የአቶ ይርጋ አባት የጋሼ ደመላሽን አባት የገደለ ሰው ነዋ! ይህን የማታውቁ ብዙ ናችሁ፤ ስለዚህ ከሥሩ ልጀምር።

ጋሼ ደመላሽ የተወለዱት አባታቸው ከተቀበሩ በኋላ ነው። አባታቸውን በእርሻ ወሰን የተነሳ የተጣላቸው ቢተው የሚባል ጎረቤት፣ አውድማ ላይ እህል ሲያበራዩ ደረታቸውን በጥይት መትቶ ጣላቸው። እናታቸው ያኔ እርጉዝ ነበሩ። የወለዱት ወንድ ሲሆን ደመላሽ አሉት። የአባትህን ደም መልስ ማለት ነው፤ የሚደባበቅ ነገር የለውም። ጥይት የበሳውን የባላቸውን እጀ ጠባብ ደግሞ ሳያጥቡ ሳጥን ውስጥ አኖሩት። የተዝካሩ ዕለት በመጣ ቁጥር እያወጡ ከልጃቸው ጭን ላይ ያስቀምጡታል። ጋሼ ይህን ሲያወሩ ድምፃቸው እንኳ አይለወጥም። «ሌላው ልጅ በዓል ሲመጣ አዲስ ልብስ ይታቀፋል፤ እኔ ይሄን ነበር የምታቀፈው» ይሉ ነበር።

በሱዳን አድርገው እዚህ አገር ገቡ። ሚራክል ማይል የሚባለው ሰፈር፣ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ሲሠሩ እናታቸው በሰው እጅ ጥቅል ላኩላቸው። ለጓደኞቻቸው በርበሬና ሽሮ ተልኮላቸው ስለነበር እሳቸውም በርበሬ ነው ብለው ገና ሳይፈቱት አሸተቱት። እጀ ጠባቡ ነበር። ምንም አልተጨመረበትም፤ መልእክትም የለው። ምን መልእክት ያስፈልገዋል!

እኔን ሲቀጥሩኝ ስለ ልምዴ አልጠየቁኝም፤ የጠየቁት ስሜን ነው። «ሽብሬ» አልኳቸው። «ለሥጋ ቤት ይስማማል፤ ሽርጥሽን እሰሪ» አሉኝና በዚያው ቀረሁ። ለእሳቸው ስም ትዕዛዝ ነው። ሰው ሲጠራ ወላጆቹ በየቀኑ ያዙታል ብለው ያምኑ ነበር። የመጀመሪያ ልጃቸውን ናደው ያሉትም ለዚሁ ነው፤ እሳቸው ሳይችሉ ቢቀሩ እሱ እንዲንድ። አሜሪካኑን ሳይቀር ይጠይቃሉ። አንዱ «ብራያን» ሲላቸው «ምን ማለት ነው?» አሉት። አላውቅም ቢላቸው፣ «እንዴት ያለ አባት ነው፣ ልጁን ሳያዝ የሚለቅ!» ብለው በአማርኛ ተቆጡና ሥጋውን እያዘኑለት ጠቀለሉለት።

አሁን ወደዚያች የፋሲካ ዋዜማ ልምጣ። ሰልፉ ከበሩ አልፎ አስፋልቱ ዳር ደርሷል። ጋሼ ሽንጥ እየፈለጡ፣ ቢላዋውን በየመሐሉ ከሞረዱ ጋር እያፋጩ ሰውን ሁሉ ይነካካሉ። አንድ ታክሲ ነጂ ተራው ደረሰ። ከሌላ ስቴት ገና መምጣቱ ነው።

«ስምህን ማን ልበል?»

«ይርጋ።»

«ጥሩ ነው፤ ነገር ይርጋ ብለው ነው። የማን ልጅ?»

«የቢተው።»

ጋሼ አገሩን ጠየቁት። ነገራቸው። የቢላዋው ፍጭት ቆመ። ሰውየውም ግራ ገብቶት «አንተስ ማን ነህ?» አላቸው።

«እኔ ደመላሽ ነኝ።»

አቶ ይርጋ ይህን ስም ሲሰሙ ሌላ ማብራሪያ አላስፈለጋቸውም። ፊታቸው አመድ መሰለ። ጋሼ በባንኮኒው ላይ ዘለው ቢላዋውን ሰነዘሩ፤ ወደ አንገት የተላከው ትከሻ ላይ አረፈና እስከ አጥንት ድረስ ገባ። አቶ ይርጋም የዋዛ ሰው አልነበሩም። በደህናው እጃቸው የሥጋ መንጠቆውን ነጥቀው የጋሼን አፍ መቱት፤ ጥርስ ከነደሙ ወለሉ ላይ ተረጨ። ሰው እየተጯጯኸ በአንድ በር ተላተመ። እኔ ጋሼን ከወገባቸው አንቄ ያዝኩ። ዛሬም መዳፌ ላይ ያለው ጠባሳ የዚያ ቀን ነው። የበሬው ደም፣ የሁለቱ ደም፣ የኔ ደም አንድ ላይ ይሄድ ነበር፤ ጫማ እያንሸራተተን ሦስታችንም ወደቅን።

ለድመቷ ጉበት ልትገዛ ሰልፍ ይዛ የነበረች አንዲት ነጭ አሮጊት ብቻ አልሸሸችም። ከሥጋ ቤቱ ጀርባ ካለው አፓርታማ የምትኖር ጡረተኛ ነርስ ናት፤ ስሟ አልያዝልን ብሎ «ነርሷ» ነበር የምንላት። እንግሊዝኛ አንቱታ የለውምና እኛም አንቺ እያልናት ኖርን። መጥታ ጋሼን በቦርሳዋ ራሳቸውን መታቻቸው፤ ከዚያ ደሙ ላይ ተንበርክካ የአቶ ይርጋን ትከሻ በሻርፗ ጠቅጥቃ ያዘች። እሷ ባትኖር ሰውየው እዚያው ያልቁ ነበር።

አቶ ይርጋ ሆስፒታል ሲጠየቁ መስታወት ላይ ወደቅሁ አሉ። ለጋሼ አዝነው እንዳይመስላችሁ። «ፖሊስ ምን አገባው፤ እኔው በእጄ» ብለዋል። እንዳሉትም አደረጉ። ቁስላቸው ጠገግ ሳይል ብረት ይዘው መጡ፤ የማሳያውን መስታወት ዶግ አመድ አድርገው የጋሼን ቀኝ ክንድ ሰበሩት። የአካባቢው ሽማግሌዎች ወዲህም ወዲያም ሄዱ፤ ከሁለቱም ቤት ተሰድበው ተመለሱ። ጋሼ ክንዳቸው በጄሶ ታስሮ በግራ እጃቸው መቁረጥ ይለማመዱ ጀመር። ለሥጋው ብለው አለመሆኑን አውቅ ነበር። በሩ በተከፈተ ቁጥር ሥራዬን ትቼ ቀና እል ነበር፤ ከሁለት አንዱ ሳይሞት እንደማያልቅ እርግጠኛ ነበርኩ።

አንድ ቀን ነርሷ የጋሼን ክንድ ልታይ መጣች። እሳቸውም ቢቸግራቸው ልማዳቸውን አነሱ። «ለመሆኑ ያንቺ ስም ማን ነበር? ትርጉምስ አለው?» አሏት።

«ታንግዊስትል» አለች። «የዌልስ ስም ነው። የአገሬ ሰዎች ራሳቸው ዛሬ እምብዛም አያወጡትም። ትርጉም አለው።»

ጋሼ ወንበር ሳቡ። ትርጉም አለው ያለቻቸው የመጀመሪያዋ ፈረንጅ እሷ መሆኗ ነው። እንዲህ ብላ አስረዳቻቸው። በድሮ ዌልስኛ «ታንግ» ሰላም ማለት ነው። «ጉዊስትል» ደግሞ መያዣ ነው፤ ቃል እንዳይፈርስ በሌላው እጅ የሚቀመጥ ሰው። ስለዚህ ስሟ «የሰላም መያዣ» ማለት ነው።

«ሰው ነው የሚያዘው?» አሉ ጋሼ።

«ልጅ ነው። በዱሮ ጊዜ ሁለት ቤቶች ተጋድለው ሲታረቁ፣ አንዱ ልጁን ወስዶ ለሌላው ይሰጥ ነበር። ሰላሙ ከጸና ልጁ እዚያው በልቶ ጠጥቶ ያድጋል።»

«ካልጸናስ?»

«ዓይኑን ያወጡታል። ወይም ይሰቅሉታል። እንደዚያ የተደረጉ ብዙ ልጆች ነበሩ።» ነርሷ የክንዳቸውን ጄሶ መታ መታ አደረገች። «ይህን ስም ለሴት ልጅ ማውጣት ማን እንደጀመረ አላውቅም። አያቴ የነገረችኝን ነው የምነግርህ። እኔ ግን ልጅ ሆኜ እፈራው ነበር። ቤታችን ውስጥ አባቴ በተቆጣ ቁጥር የምታረደው እኔ ነኝ እያልኩ።»

ጋሼ ያን ቀን እስከምንዘጋ ድረስ ማንንም ምንም አልጠየቁም። ያኔ ባለቤታቸው እትዬ አስካለ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በስተእርጅና ያረገዙት ልጅ ሊወለድ ደርሶ ነበር። ሴት ሆነች። ጋሼ ስሟ ታንግዊስትል ነው አሉ። እትዬ አስካለ አለቀሱ፤ ዘመድ ሳቀ፤ ቄሱ እንኳ «የክርስትና ስሟን ወለተ ማርያም እንላታለን፤ ሌላውን አንተው እንደቻልክ ጥራው» አሏቸው። እኔም በበኩሌ ተቆጣሁ። የአማርኛ ስም አልቆ ነው ወይ? አልኳቸው።

«በአማርኛ ባወጣው ሰምቶ ያልፈዋል» አሉኝ። «ይሄን ግን የሰማ ሁሉ ምን ማለት ነው ይለኛል። በተጠየቅሁ ቁጥር ልናገረው ነው። በተናገርሁ ቁጥር ደግሞ መማሌ ነው።»

ሽማግሌዎች ለእርቅ ድንጋይ ተሸክመህ ሂድ ብለዋቸው እምቢ ያሉት ሰው፣ ልጃቸውን ተሸክመው አቶ ይርጋ ቤት ሄዱ። መኪናውን የነዳሁት እኔ ነኝ። ቤቱ ዌስትቼስተር፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ጎን ነው፤ አውሮፕላን ከጣራው በላይ እያጓራ ያልፋል። አቶ ይርጋ በሩን የከፈቱት ብረቱን ይዘው ነው፤ ያንኑ ክንድ የሰበረውን። ጋሼ ከደጁ አልፈው አልገቡም።

«ምን ልትሠራ መጣህ?» አሏቸው አቶ ይርጋ።

«መያዣ ላስይዝ። ስሜን ታውቃለህ። እናቴ ያዘዘችኝንም ታውቃለህ። ይቺ ልጄ ናት። ሚስትህ ክርስትና ታንሳት፤ ቤትህም ቤቷ ይሁን። እጄ ባንተ ላይ ከተነሳ አንገቷ ያንተ ነው።»

«እብድ ነህ እንዴ አንተ ሰውዬ?»

ብረቱ ከፍ እንዳለ ነበር። ከውስጥ ባለቤታቸው እትዬ ዘነቡ ወጡና ሁለቱን ወንዶች ገፍተው ሕፃኗን ተቀበሉ። ነጠላው ሲገለጥ ልጅቷ የተጠቀለለችበት ጨርቅ ታየ። ደረቱ ላይ ቀዳዳ ያለው፣ በቀዳዳው ዙሪያ የጠቆረ እጀ ጠባብ ነው። እትዬ ዘነቡ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉ። አቶ ይርጋ ግን ገባቸው። የአባታቸው ጥይት የገባበትን ቀዳዳ እያዩ ብረቱ ከእጃቸው ወደቀ፤ እሳቸውም በደጃፉ ላይ ቁጭ ብለው እንደ ሕፃን አለቀሱ። ጋሼ አላለቀሱም። «በሰማንያ ቀኗ ቤተ ክርስቲያን እንገናኝ» ብለው ወደ መኪናው ተመለሱ።

በአጭሩ ታንጉ ያልናት ልጅ በሁለት ቤት አደገች። ቅዳሜና እሁድ የክርስትና እናቷ ጋ ነች። ጋሼና አቶ ይርጋ ወዳጅ ለመሆን ብዙ ፈጀባቸው፤ መጀመሪያ ሰላምታ፣ ቀጥሎ ጭቅጭቅ፣ ኋላ አንዱ ካለ አንዱ ምሳ አይበላም። ጋሼ የታንጉን ስም ትርጉም ለጠየቃቸው ሁሉ፣ ለፖስታ አመላላሹ ጭምር፣ አንድም ሳያስቀሩ ይተርኩ ነበር። እኔም ሰልፉ ሲረዝም ተረቱን ያሳጥሩልን እያልኩ እጮህባቸው ነበር። ነርሷ አርጅታ አልጋ ላይ ስትውል ከጉልጥምት ሾርባ ሠርተው፣ ደረጃውን እያቃሰቱ ወጥተው፣ በማንኪያ ያጎርሷት ነበር። ስትሞትም ሳጥኗን ከተሸከሙት አንዱ እሳቸው፣ አንዱ አቶ ይርጋ ናቸው። ያን ቀን «ለእኔ የቀረልኝን ትዕዛዝ የሻረችልኝ እሷ ናት» ሲሉ ሰማኋቸው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ሆኖ ነው ያ መኪና ግድግዳው ላይ የዘለለው።

በሐዘኑ በሦስተኛው ቀን ቤቱ ሞልቷል። ናደው ከቶራንስ ከተማ፣ ከነዳጅ ማጣሪያው ሥራ፣ መጥቶ ከአባቱ ፎቶግራፍ ሥር ተቀምጧል። ሳያለቅስ ሰነበተ። ያን ቀን ጠዋት ወደ ሥጋ ቤቱ ሄዶ የአባቱን ቢላዋ እንደወሰደ አውቃለሁ፤ ቦታውን ባዶ አይቼዋለሁ። ለማንም አልተናገርኩም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልቤ ከእሱ ጋር ነበር። ሁለት ትውልድ በአንድ ቤት እጅ ሲያልቅ አደጋ የሚባለው ቃል ከጉሮሮዬ አልወርድ አለኝ።

ቀትር ላይ ደጅ ጩኸት ተሰማ። ወጥተን ስናይ አቶ ይርጋ ናቸው። ከገዛ ግቢያቸው አትክልት መሐል የነቀሉትን ድንጋይ ማጅራታቸው ላይ ተሸክመው፣ እንደ አገራቸው ወግ ጎንበስ ብለው፣ በእግረኛው መንገድ ይመጣሉ። አፈሩ ከእንባቸው ጋር ፊታቸው ላይ ጭቃ ሆኗል። ሰው ሁሉ ተነሳ። ናደው እንደ ጥይት ከመሐላችን ወጣ፤ ቢላዋው በእጁ ነው።

ታንጉ ቀደመችው። ሮጣ ከአቶ ይርጋ ፊት ቆመች።

«ናዲ፣ ስቶፕ!»

«ዞር በይ! አያታችንን ገደሉ፣ አባባን ገደሉ፤ ማንን እስኪጨርሱ ነው የምንጠብቀው?»

«ስሜን ታውቃለህ አይደል? አባባ ዕድሜውን ሙሉ ሲናገረው ሰምተሃል አይደል? ሶ፣ ደንቡን ታውቃለህ። የኛ ቤት እጅ ከተነሳ መጀመሪያ እኔ ነኝ። ና፣ በእኔ ጀምር!»

ናደው በአንድ እጁ ገፍቷት በላይዋ ሰነዘረ። ታንጉ ስለቱን በባዶ እጇ ያዘችው። አልለቀቀችም። እሱ ሲስብ እሷ ስትይዝ መዳፏ ተከፈለ፤ ደሙ በክንዷ ወርዶ ጥቁር ልብሷን አልፎ ሲሚንቶው ላይ ተንጠባጠበ። ቢላዋውን ስንት ዘመን የሳልኩት እኔ ነኝ፤ እንዴት እንደሚገባ አውቃለሁ። ጮህኩ። እሷ አልጮኸችም። ወንድሟን በዓይኑ ትኩር ብላ እያየችው ቆመች። ናደው ደሙን አየና ቢላዋውን ለቀቀ። ከዚያ ሦስት ቀን የያዘውን ልቅሶ እዚያው መንገዱ ላይ አፈረጠው።

ታንጉ በደህናው እጇ ድንጋዩን ከአቶ ይርጋ ማጅራት አውርዳ አስቀመጠችው። «ይግቡ አባቴ» አለቻቸው። ነጠላዬን ቀድጄ መዳፏን አሰርኩላት። አቶ ይርጋ ገብተው ከናደው ጎን፣ ከሐዘንተኞቹ ወንበር ላይ ተቀመጡ። አንገታቸውን የመታቸው ማንም የለም።

ጋሼ ደመላሽ፣ እንግዲህ ልሰናበትዎት። ስም ትዕዛዝ ነው ይሉን ነበር። የራስዎን ስም እምቢ አሉት፤ ለልጅዎ ያወጡትን ግን እሷ ፈጸመችልዎ። ሥጋ ቤቱን ከፍቼአለሁ፤ ቢላዋዎም ታጥቦ ቦታው ተመልሷል። ናደውና አቶ ይርጋ ትናንት አብረው መጥተው ከጀርባ ያለውን ግድግዳ አጠቡት። ሰው ሲመጣ የታንጉ ስም ምን ማለት ነው እያለ ይጠይቀኛል፤ እኔም ሳላሳጥር እነግረዋለሁ። ያን ቅዳሜ ደምዎ እየፈሰሰ «ታንጉን ጥሩልኝ» ሲሉኝ ሊሰናበቷት ነው ብዬ እየተጣደፍኩ ደወልኩላት። እርስዎ ግን እሷን የሚጠሩለት ሰው እንዳለ ያውቁ ነበር። ከመኪናው ውስጥ ተቀምጦ መሪውን አልለቅ ያለውን ወዳጅዎን እያዩ ነበር የጠሯት። ደርሳለታለች ጋሼ። ይረፉ።